ለሎማኒ የተዘጋው ባሕር

ይድረስ ለታናሽ እህቴ፣ ለእናቴ ልጅ፤

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? እንዴት ሰነበትሽ? የኦክላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ? ያ ሲነዘንዝሽ የከረመው ጥርስሽስ ተሻለው? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬም ከጉልበቷ በቀር ምንም አትልም። እስካሁን የጠየቅሁሽ ለወጉ ነው። አሁን ደግሞ ለወጉ ያልሆነውን ልጠይቅሽ። ጉሮሮሽ እንዴት ነው? ድምፅሽ አለ? መልሱን በጽሑፍ እንዳትልኪልኝ። ለምን እንደምልሽ እነግርሻለሁና እስከ መጨረሻው አንብቢ።

በስልክ ያልጻፍኩልሽ የኔ ስልክ የቤቱ ሁሉ ስልክ ስለሆነ ነው። እማዬ ራሷ ባታነብም የሚያነብላት አታጣም፤ ይህን ደግሞ እሷ መስማት የለባትም። ደብዳቤውን የአጎታችን ልጅ ሳሚሶኒ ይዞልሽ ይመጣል። ፍራፍሬ ለቀማ ተቀጥሮ ነገ ከዚህ በጀልባ ይነሣል፣ ከዚያ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ከሦስት ቀን በኋላ እዚያ ይደርሳል። በእጅሽ እንዲሰጥሽና ፊትሽን በደንብ አይቶ እንዲነግረኝ አስምዬዋለሁ።

እዚህ ሎማኒን እንዴት እንደምንወዳት የምታውቂ ይመስልሻል። አንቺ በካርቱኑ ለሷ ድምፅሽን ሰጥተሽ ወደ ቤትሽ የገባሽ ሰው ነሽ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የምናውቀው እኛ ነን። አሥራ ሁለቱን ክፍሎች እያዟዟርኩ በሱቄ ቴሌቪዥን በየቀኑ አሥር ሰዓት ላይ አሳያለሁ። በዚያ ሰዓት ጨው ልግዛ ብሎ የመጣ ሰው እስክትጨርስ ቆሞ ይጠብቃል። የሌላ አገር የካርቱን ጀግና ካባውን እያውለበለበ ሕንፃ ሲያፈርስ ነው የሚውለው። የኛይቱ ትንፋሽዋን ይዛ ባሕር ትጠልቃለች፤ ጠላቷ ቤት ስትገባ እንኳ ጫማዋን በር ላይ ታወልቃለች። ያንን ጠላቷን የብረት ሻርክ “እናትህ ይህን ብታይ ምን ትላለች?” ብላ ስታሳፍረው ሱቁ በሳቅ የሚፈርሰው ንግግሩ የእማዬ ስለሆነ ነው። እማዬ ራሷ ግን ማን እንዳስተማረሽ እስከ ዛሬ አልገባትም።

ከሁሉ የባሰው አጎታችን ኢሊያፒ ነው። የመንደሩ ዓሣ አጥማጆች አለቃ፣ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው፣ ከልጆቹ ፊት ሄዶ ምንጣፉ ላይ ይቀመጣል። ትልቅ ሰው ስለሆነ ዞር በልልን የሚለው የለም። የልጄ የሴይኒ ጓደኞች ግማሹን ፊልም ያዩት በጆሮው ሥር ነው።

የመጨረሻውን ክፍል ታስታውሻለሽ። ሎማኒ ከባሕሩ የኮራል ድንጋይ ሥር ያለውን የጨለማ በር በጀርባዋ ደግፋ ዘጋችና፣ “እኔ እስክጠራችሁ ማንም ስሜን አይጥራ። ከተጠራሁ እዞራለሁ፣ ከዞርኩ በሩ ይከፈታል” አለች። ከዚያ ጠቆረ፣ አለቀ። ያ የምትጠልቅበት ቦታ ጀልባዎቻችን የሚያልፉበት የኛው የባሕር መግቢያ መሆኑን ሕፃናቱ ሳይቀሩ አወቁት። ለሠዓሊዎቹ አንቺ ነግረሻቸው መሆን አለበት፤ ሦስቱን ድንጋዮች እንኳ አልረሱም። ማዕበሉ ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም የሚመታበት፣ አንቺና እኔ በልጅነታችን እየቆጠርነው የምንተኛበት ያው ቦታ ነው።

የፊልሙ ሁለተኛ ዙር ይሠራል አይሠራም ብለን ለሠራው ድርጅት ጻፍን። መንደሩ በሙሉ ፈረመ፣ ሴቶቹ ምንጣፍ ሠርተው ላኩ፣ አጎታችን ለብቻው ሦስት ገጽ ጻፈ። የተመለሰልን አንድ መስመር ነው፤ ጉዳዩ በመታየት ላይ ነው ይላል። ስጠይቅሽ አንቺም “እኔንም አልጠሩኝም” ብለሽ ጻፍሽልኝ። ከዚያ ወዲያ ድርጅቱ ዝም አለ።

ልጆቹ ግን ዝም አላሉም። አጎታችንን ከበው ሎማኒ ሞታለች ወይ እያሉ ቢያስጨንቁት ሽማግሌው የሚያደርገውን አጣ። የኛ ሰው ባሕር ገብታ ካልወጣች የኛ ወግ ይደረግላታል አለ። ታውቂያለሽ፣ ትልቅ ሰው ሲሞት ባሕሩ መቶ ቀን ይዘጋል፤ መረብ አይጣልም፣ መንጠቆ አይወርድም። አጎታችን ለካርቱን ልጅ ባሕር ሊዘጋ ነው ሲባል ሳቅሁ። ጃጅቷል ብዬ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁ። መንደሩም በሳቅ ተከተለው።

ችግሩ አጎታችን ወግን ለጨዋታ ማድረግ የማያውቅ ሰው መሆኑ ነው። ባሕሩ መዘጋቱን የሚያሳየውን ምሰሶ ዳር ላይ ተከለ፣ የልጥ ጨርቁን አሠረበት፣ ለወግ የሚጠጣውን የያንጎና ሥር አስወቅጦ ጽዋውን ይዞ ተቀመጠ፣ አጨበጨበ፣ ቃሉን ጀመረ። በቃሉ ውስጥ ደግሞ የሞተው የማን ቤት ልጅ እንደሆነ መጠራት አለበት። ሎማኒ በፊልሙ ውስጥ አባት የላትም። ሽማግሌው እዚያ ላይ ሲደርስ ቆመ። በማን ጉሮሮ ነው የምትናገረው ብሎ ራሱን ሲጠይቅ ሰማሁት። ከዚያ የአባታችንን ቤት ጠራ። “የዚህ ቤት ሴት ልጅ ናት” አለ። ከዚያ ቤት የወጣን ሴቶች ሁለት ነን፤ እኔ እዚያው ቆሜ ነበር።

የዚያን ዕለት ማታ መግቢያው ድምፁን አጠፋ። ማዕበሉ ሲሰበር፣ ነጭ ሆኖ ሲነሣ ይታያል፤ ድምፅ ግን የለውም። ወንዶቹ ነፋሱ ዞሮ ነው አሉ። ዓሦቹም ጉልበታችን ድረስ እየመጡ ይቆማሉ፣ ብንነካቸውም አይሸሹም። ፓስተሩ ካልተጠመዱ ምን ያስፈራቸዋል ብሎ ሳቀብኝ። እኔም እሺ ይሁን አልኩ።

ከወር በኋላ ግን የሱቁ ቴሌቪዥን ውስጥ የሎማኒ ንግግር እየሳሳ መጣ። የሻርኩ ድምፅ አለ፣ ሙዚቃው አለ፣ የሷ ብቻ ይጠፋል። ድምፅ ማጉያውን ጨው በልቶታል ብዬ ከትምህርት ቤቱ ሌላ አስመጣሁ፤ በሱም ያው ነው። አሁን አፏ ሲንቀሳቀስ ይታያል እንጂ አንዲት ቃል አይወጣትም። ልጆቹ ደግሞ አልቅሰው እንደመበተን፣ አፏ ሲከፈት ጠብቀው ሁሉም ባንድ ድምፅ ይሉላታል። አንድም ቃል አይስቱም። እዚያ መሐል ቆሜ ስሰማቸው እፈራቸዋለሁ፤ እወዳቸዋለሁም።

ያን ጊዜ ነው ስልኬን አውጥቼ ቀኑን የቆጠርኩት። የመጨረሻው የድምፅ መልእክትሽ የመጣው ምሰሶው ሊተከል አንድ ቀን ሲቀረው ነው። ስለ አከራይሽ ድመት እያማሽ ትስቂያለሽ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም በጽሑፍ ነው። ደህና ነኝ፣ ድምፄ ትንሽ ዘግቶኛል፣ ሐኪሙ ምንም አላገኘብኝም ትያለሽ። ለእማዬ ሥራ በዝቶባት ነው እላታለሁ። መዋሸት ለመደብኝ።

አጎታችን ዘንድ ሄጄ አፌ እንዳመጣልኝ ተናገርኩት። ያንን እንጨት ንቀለው አልኩት። አልተቆጣኝም፣ አለቀሰ። “አንዴ የተናገርኩትን አፌ መልሶ አይውጠውም ልጄ” አለኝ። በመቶኛው ቀን ድግስ ይደረጋል፣ ባሕሩ ይከፈታል፣ ሐዘኑም ይዘጋል፤ የተለቀሰላት ሰው ያን ጊዜ በእርግጥ የሄደች ትሆናለች። ከዚያ በፊት ሊከፈት የሚችለው ራሷ ከጠራችን ብቻ ነው አለኝ። አሳማዎቹ ተመርጠዋል፣ ካሳቫው እየተቆፈረ ነው። ሰዉ አሁን አይስቅም፤ ለድግሱ ግን ይዘጋጃል፣ ምክንያቱም ሌላ የሚያደርገውን አያውቅም።

ትናንት ዘጠናኛው ቀን ነበር። አሥር ሰዓት ላይ፣ ልጆቹ እንደተቀመጡ፣ ስልኬ ጠራ። ያንቺ ፎቶ ነው። ወደ ሱቁ ጀርባ ሮጥኩ። አቤት አልኩ። ከዚያ ማዕበል ሰማሁ። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። ቀና ብዬ መግቢያውን አየሁት፤ ነጭ ሆኖ ይሰበራል፣ ድምፅ የለውም። ድምፁ ከስልኩ ውስጥ ነበር፣ ካንቺ ዘንድ። ካለሽ አንድ ጊዜ ሳል አድርጊልኝ አልኩሽ። ማዕበሉ ቀጥ አለ። የያዙት ትንፋሽ ዝምታው ልዩ ነው፤ ካንቺ ጋር ስጠልቅ ያደግሁ ነኝና አልስተውም። ከዚያ ተቋረጠ።

እህቴ፣ ፈርቻለሁ። ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ደውይልን። አሥር ሰዓት ላይ ሁላችንም ሱቁ ውስጥ ነን። ጠራኋችሁ በይ፣ ሌላ ምንም አትበይ። ድምፅሽ እምቢ ካለ ካገኘሽው ጋር ተሳፍረሽ ነይ። ሁለተኛው ዙር ቢሠራ ደስ ይለናል፣ ባይሠራም አናኮርፍም፤ አሥራ ሁለቱ ለዕድሜያችን ይበቁናል። እኔን የጨነቀኝ የሎማኒ ነገር አይደለም።

እማዬ ሰላም ብላሻለች። ያንቺን ምንጣፍ እየጨረሰች ነው፤ ለምን በስልክ መዝፈን እንደተውሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ሴይኒ ሰላም ብላሻለች። ንግግሯን በቃሌ ይዤላታለሁ፣ ስትመጣ እመልስላታለሁ ትላለች። ፓስተሩ በጸሎት እያሰበሽ ነው፤ አሁን አይስቅብኝም። አጎታችን ኢሊያፒም ሰላም ብሎሻል፤ ስሟን ሳትጠሪ አድርሺልኝ አለኝ።

ይህን ሲለኝ ደብዳቤውን መልሼ አየሁት። እኔም ከላይ እስከ ታች ስምሽን አንድ ጊዜ አልጻፍኩም፤ ፖስታው ላይ እንኳ ለእህቴ ብዬ ነው ያለፍኩት። በሩ ይከፈታል ብዬ ፈርቼ ነው። አሁን ግን ይከፈት፤ የሚወጣውን ቆሜ እቀበለዋለሁ።

ቫሲቲ። ቫሲቲ። ዞር በዪና ወደ ቤትሽ ነይ።

እህትሽ ኡናይሲ
ዋይቶሎ መንደር፣ ካንዳቩ ደሴት፣ ፊጂ
ነሐሴ 3 ቀን፣ በዘጠና አንደኛው ቀን