ሞተሩ አይጥፋ

ሮቤ፣ ኅዳር 12 ቀን 1964 ዓ.ም.

ዛሬ የስንዴ መውቂያውን ማሽን በፒክአፑ እየጎተትኩ የዲንሾን ዳገት ወጣሁ። አውቶማቲክ ካምቢዮ ይህን አይችልም ያሉኝ ሁሉ መጥተው ይዩኝ።

ጫፉ ላይ ካምቢዮው ስለጋለ ቆምኩ። ማርሹን አወጣሁ፤ ሞተሩን ግን አላጠፋሁም። አብረውኝ የመጡት ጋሼ ቱፋ፣ ሠላሳ ዓመት ከባድ መኪና የነዱት፣ እጃቸውን ወደ ቁልፉ ሰደዱ።

«ኧረ አጥፋው! የጋለ መኪና ያርፋል እንጂ ይሠራል እንዴ?»

«አይንኩት ጋሼ! ሞተሩ ከቆመ የካምቢዮው ዘይትም ባለበት ይቆማል። ወደ ራዲያተሩ እየሄደ የሚቀዘቅዘው ሞተሩ ሲሠራ ነው።»

«ፍሪሲዮን የሌለው መኪና ነገሩ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው» ብለው ጋቢያቸውን ተከናነቡ።

ሮቤ ስንገባ የካምቢዮውን ዘይት መለኪያ መዝዤ አሳየኋቸው። ዘይቱ ቀይ ነው፤ እንደተቃጠለ ዘይት አልጠቆረም። አስጠግተው አሸተቱት።

«ጋሪዳ» አሉ በኦሮምኛ፤ «ደህና ነው። ግን ትንሽ አረር አረር ይላል።»

«አፍንጫዎ ነው ጋሼ!» አልኳቸው። ሳቁ።

ነገ ጎሮ መድረስ አለብን፤ ሰማዩ ከብዷል፣ እዚያ የታጨደው ስንዴ ሳይወቃ ሜዳ ላይ ነው። እንደርሳለን።

እሳቸው ወደ ቤት ከገቡ በኋላ ግን መለኪያውን እንደገና መዝዤ አሸተትኩት።