የማይወርደው ፎስፌት

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጠዋት የዓሣ ገንዳዬን ውሃ በመመርመሪያው ጠብታ ስመረምረው ዛሬም ጥቁር ሰማያዊ ሆነ፤ ፎስፌቱ፣ ያ ውሃ የሚያበላሸው ንጥረ ነገር፣ አልወረደም ማለት ነው። ማጣሪያውን ቀይሬያለሁ። የባሕሩን ውሃ በየሳምንቱ አድሳለሁ። ውሃ ከሚያመጣልኝ ሰውዬ ጋር እንኳ በከንቱ ተጣልቻለሁ። ፎስፌቱ ግን አልጌውን፣ አረንጓዴውን የውሃ ሽበት፣ እየቀለበ ነው፤ አልጌው ደግሞ ኮራሎቼን፣ ሕያው የባሕር ድንጋዮቼን፣ እየዋጠ። ምንጩን ሳላገኝ አልለቅም ብዬ ነበር።

ዛሬ አገኘሁት። ሥራ ቀዝቅዞ ከመጋዘኑ በጊዜ ወጣሁና ምሳ ሰዓት ላይ ካርቲየ 3 ሰፈር፣ ቤቴ ደረስኩ። እማዬ ትሪዋን ይዛ ገንዳው አጠገብ ተቀምጣለች። አንድ ጊዜ ትጎርሳለች፤ ቀጥላ "ቢስሚላህ" ብላ በሥጋ የተቀቀለ ሩዝ ቆንጥራ ለዓሦቹ ትጥላለች።

"እማዬ! ፎስፌቱ ለካ ከዚህ ሩዝ ነው! ኮራሎቹን እኮ ጨረስሻቸው!" ብዬ ጮህኩባት።

እሷ ምን በወጣት! "አፍጥጠው እያዩኝ ብቻዬን ልዋጠው? ድሬዳዋ እንዲህ ነው እንዴ ያሳደግኩህ?"

አባዬ ሲሞት ብቻዋን አትሆንም ብዬ ከድሬዳዋ ወደዚህ የወደብ ከተማ ያመጣኋት እኔው ነኝ። ምሳዬን በየቀኑ መጋዘን ውስጥ ከጓደኞቼ ጋር ከአንድ ትሪ እበላለሁ። እሷ ደግሞ ከዓሦቹ ጋር።

እጄን ታጥቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ከምሳ በኋላ የገንዳውን ውሃ በከፊል ቀየርኩ። ሌላ ማጣሪያ አልገዛም። ከነገ ጀምሮ ምሳዬን ቤት ነው የምበላው፤ አለቃዬ ያጉረምርም፣ ፀሐዩም ያቃጥል። ፎስፌቱ ይወርዳል።

ባይወርድም እመጣለሁ።