ሰላምታ የሚያስደነግጥበት መናፈሻ

ለውድ አባቴ ለአቶ ኤርሳዶ፣

አባዬ፣ እንዴት ሰነበትክ? ዝናብ ሲያስገመግም የሚቆረጥምህ ጉልበትህ እንዴት ነው? አሁንም ከእህቴ ከመሲ ተደብቀህ መጋዝ ትይዛለህ ወይስ ምክር ሰማህ? እኔ ጌታ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ናፍቆትህ ብቻ ነው የሚያስቸግረኝ። በስልክ ስንነጋገር አልሰማሽም ስለምትለኝ፣ ይህን መሲ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታንብብልህ።

መሲ ነገ ከነገ ወዲያ አግብታ ወደ ሃና ከተማ ስትሄድ ብቻህን እንዳትቀር እኔ ጋ ና ብልህ፣ ፎቅ ላይ ወጥቼ ማን ሰላም ሊለኝ ነው አልከኝ። ነገሩ ከነከነኝ። አንተ በራፍህ ላይ፣ ራስህ በሠራኸው አግዳሚ ስትቀመጥ፣ ቅዳሜ ከጂንካ ገበያ ወደ ገዘር የሚመለሰው ሁሉ ሳይጨብጥህ አያልፍም። እዚህስ እንዲህ ያለ ቦታ ይኖር ይሆን ብዬ ፍለጋ ጀመርኩ።

ከቤቴ አጠገብ፣ ሜክሲኮ አካባቢ፣ በፎቆቹ መሃል አንዲት ትንሽ መናፈሻ አለች። ስፋቷ ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ አይበልጥም። ፀሐይ እንኳ የምትገባት በፎቆቹ ክፍተት ተራ ጠብቃ ነው። ከሥራ ስወጣ ጎራ አልኩና መጀመሪያ ወንበሮቹን መረመርኩ፤ የአናጺ ልጅ አይደለሁ! አጎንብሼ ከሥሩ ባየው ብረት ነው፤ መሃሉ ላይ ደግሞ ክንድ አበጅተውለታል። ለምን ይሆን እያልኩ ሳሰላስል፣ ለካ ሰው እንዳይጋደምበት ነው።

ከዚያ ሰው ተቀምጦ እያየሁ ዝም ብዬ መቀመጡ ነውር መስሎኝ፣ እንደ አገራችን ወግ ከዳር ጀምሬ አንድ በአንድ መጨበጥ ያዝኩ። አባዬ፣ ብታይ! አንዷ ቦርሳዋን ወደ ጉያዋ ሳበች። አንዱ ለማኝ መስዬው እግዜር ይስጥሽ ብሎ ፊቱን አዞረ። ጥበቃዋ ዓባይነሽ መጥታ ስብከትም ሽያጭም ክልክል ነው አለችኝ። ሰላም እያልኳቸው ነው ብላት፣ ታውቂያቸዋለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አላውቃቸውም ስላት ይብሱን ግራ ገባት። በጣም አፈርኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ሳቄ መጣ።

ቢሆንም ነገሩን ማወቅ ፈለግኩ። ጠዋትም ማታም እየተመላለስኩ፣ መልስ ሰጡኝም አልሰጡኝም ሰላም ማለቴን ቀጠልኩ። ጋሽ ፈለቀ የሚባሉ ጡረተኛ ባርኔጣቸውን ማንሳት ሲጀምሩ፣ ሰዉ ለምን እንደማይነጋገር ጠየቅኳቸው። ቤቱም ቢሮውም ታክሲውም በሰው ስለተጨናነቀ፣ እዚህ የሚመጣው ዝም ለማለት ነው አሉኝ። እውነታቸውን ነው። እኔ ግን አንተን አሰብኩ። ዝምታውንማ መሲ ስትሄድ እዚያው ጂንካ ታገኘው የለ? ዋሽቼ ላመጣህ ደግሞ አልፈለግኩም። ሳልጽፍልህ የሰነበትኩት ለዚህ ነው።

ባለፈው ሐሙስ ግን ሥራ ረፍዶብኝ ስሮጥ፣ ማንንም ሰላም ሳልል መናፈሻዋን አቋርጬ አለፍኩ። ዓባይነሽ ከኋላዬ ተጣራችና ዛሬ ምን አስቀየምንሽ አለችኝ። ዘወር ስል ጋሽ ፈለቀ ባርኔጣቸውን አንስተው ይጠብቁኛል። ያቺ ቦርሳዋን የሳበችዋም እጇን ዘርግታለች። የረፈደው ይርፈድ ብዬ ተመልሼ ጨበጥኳቸው። እንባዬ መጣ፤ ምን እደብቅሃለሁ።

እንግዲህ ያለው ይኸው ነው። በራፍህን አይተካም። በአስፋልቱ በኩል የሚቀመጡት ደግሞ እስካሁን እምቢ እንዳሉኝ ናቸው። እነሱን ላንተ ትቼልሃለሁ።

መሲን ጉንጯን ሳምልኝ። እጮኛዋን ታምራትን ሰላም በልልኝ፤ እህቴን አደራ። እትዬ ጥሩዬንም በአጥሩ ላይ ጠርተህ፣ ኤልዳና አልረሳችሽም በልልኝ።

ጉልበትህን የምትስም ልጅህ፣
ኤልዳና

አዲስ አበባ
ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም.