ወንዙ ሲደርቅ ሽቅብ ያስሮጡን መምህር

መምህር ኮርኔሊስ ቦሊ ከአባታቸው ከአቶ ብላሲዩስ ቦሊና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዌልሚና ፔኒ እ.ኤ.አ. በ1951 በፍሎሬስ ደሴት፣ ከእሳተ ገሞራው ግርጌ ባለችው በዋይሌዶ መንደር ተወለዱ።

ገና ልጅ ሳሉ፣ ዝናቡ ሳያባራ ወንዙ ባንድ ጠዋት ጭል ጭል ብሎ ደረቀ። መንደሩ «ዓሣው መሬት ላይ ቀርቶልናል!» እያለ ቅርጫቱን ይዞ ወረደ። ላይ ተራራው ላይ ናዳ ውሃውን እንደ ዘጋው ማን አወቀ? ናዳው ሲበረገድ ጭቃና ቋጥኝ ግልብጥ ብሎ መጣ። ታላቅ ወንድማቸው ላምበርቱስ ቅርጫቱን እንደ ያዘ ቀረ። እውነቱን እንናገር፤ መምህር ኮርኔሊስ ከዚያ ወዲህ ዕድሜ ልካቸውን ፈሪ ነበሩ። ጣሪያው ላይ ዝናብ ሲወርድ እንቅልፍ የሚባል አያውቁም ነበር።

ጃቫ ተሻግረው ጂኦሎጂ ተማሩ። በ1976 ተመልሰው በመንደራችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመሩ። በ1979 ወይዘሮ ኤርሚና ኪዋን አግብተው አንዲት ልጃቸውን ሬኔልዲስን ወለዱ።

ተማሪዎቻቸው «ፓ ኔሊስ»፣ አባባ ኔሊስ እንደ ማለት፣ ይሏቸው ነበር። ክፍል ውስጥ መቀመጥ አይወዱም፤ ወደ ወንዙ ሸለቆ ይዘውን ይወርዳሉ። አስቀድመው ግን ሁለት ተማሪ የቀርከሃ ከበሮ ይዞ ገደሉ አፋፍ ላይ ይቆማል። ቤት የሚያህል ቋጥኝ ያሳዩና «ይሄን ማን አመጣው?» ይላሉ። «ወንዙ» ያለውን ልጅ፣ «በየትኛው ጉልበቱ? እስቲ አንተ ግፋው!» ይሉታል። ጭቃው በየዘመኑ የተወውን ንጣፍ በእጃችን እየዳሰስን ሳለ ከበሮው ሳይታሰብ ይመታል። ሁሉም ዳገቱን ይሮጣል። የመጨረሻውን «አንተ ሞተሃል፤ ነፍስ ይማር። እንደገና!» ይሉታል።

ወላጆች ግን ሰጉ። «ልጆቻችንን ለትምህርት ላክን እንጂ ለወንዙ ገበርን እንዴ?» አሉ። በ1994 የመስክ ትምህርቱ ታገደ። ፓ ኔሊስ ወንዙን በጠመኔ እየሳሉ ማስተማር ያዙ። «ወንዝ በዝናብ ወራት ድንገት ቢደርቅ ምን ታደርጋላችሁ?» ብለው ሲፈትኑ፣ ሬኔልዲስ «ወደ ከፍታ እሸሻለሁ» ብላ ጽፋ ሙሉ ነጥብ አገኘች። የክፍሏ ልጆችም እንዲሁ።

በ1997 ወንዙ ደረቀ። ሙሉ ነጥብ ያገኙት ልጆች ቅርጫት ይዘው ወረዱ። መምህሩ ከበሮውን ይዘው አፋፉ ላይ ሲደርሱ ልጃቸው ከሁሉም ፊት ናት። ከበሮውን መቱ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው በየእርሻው ዶማቸውን ጥለው፣ ለምን ሳይሉ፣ ሽቅብ ሮጡ። ከታች ያሉት ግን ቀና ብለው ሳቁ። «አባዬ፣ ና እንጂ! ይሄን ብታየው!» አለች ሬኔልዲስ።

እኒያ ፈሪ መምህር ከበሮውን ጥለው ወረዱ። «ቅርጫቱን ልቀቂ! ልቀቂው አልኩሽ!» እያሉ በጸጉሯ ጎትተው አወጧት። መሬቱ ከእግራቸው ሥር ያጉረመርም ነበር። ሦስት የክፍሏ ልጆች አልወጡም። መምህሩ የሦስቱን ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው በጸሎታቸው ይጠሩ ነበር። ከዚያ ወዲያ ወላጆች ራሳቸው ልጆቻቸውን እጃቸውን ይዘው አመጡና፣ «ፓ ኔሊስ፣ ወንዙ ድረስ ይውሰዱልን» አሉ።

በ2011 ጡረታ ወጡ። በሳንባ ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው በዚህ ሳምንት ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን 2024 ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውን፣ ሁለት የልጅ ልጆችንና አንድ ሸለቆ ሙሉ ተማሪ ትተዋል።

መቃብሩ ከወንዙ ማዶ ነው። ዝናቡም እንደምትሰሙት ነው። ኑዛዜያቸው ይህ ነው፦ «ከበሮው ከተመታ ሳጥኔን እዚያው አስቀምጡና ሩጡ። እኔ ከእንግዲህ አልፈራም።»

ሬኔልዲስ ከአስከሬኑ ኋላ ስላላያችኋት አትቀየሟት። ዛሬ በአባቷ ወንበር ጂኦሎጂ የምታስተምረው እሷ ናት፤ አሁን ከበሮውን ይዛ አፋፉ ላይ ቆማለች።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን ጭቃ ከማይደርስበት ከፍታ ያሳርፍልን። አሁን ተነሡ፤ ሳናወራ እንሻገር።