ቡዜን ስለ መግደል የቀረበ ትሁት ልመና

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሚካኤል፣
የሬዲዮ ጣቢያው ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
አዳማ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና ለመላው የጣቢያው ሠራተኞች ጤናንና ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። ምኞቴ ለወጉ ያህል ብቻ አይደለም። በእርስዎ ጣቢያ ዕድሜ ሰጪው ማን፣ ነሺው ማን እንደሆነ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ግራ ስለገባኝ፣ ሳይቸግረን በፊት መመኘቱ ይሻላል ብዬ ነው።

እኔ ጫምሳ ጉተማ እባላለሁ። እዚሁ አዳማ በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ጃንጥላ ዘርግቼ፣ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ለባለጉዳይ አቤቱታ ስጽፍ ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። የመሬት ጽፌአለሁ፣ የፍቺ ጽፌአለሁ፣ የውርስማ ቁጥር የለውም። ሰው እንዲገደል የሚለምን ማመልከቻ ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነውና፣ አጻጻፉ ላይ ጉድለት ቢገኝ በትዕግሥት እንዲያልፉልኝ እጠይቃለሁ። እንዲገድሉልኝ የምለምነው «ከመናኸሪያው ጀርባ» በተባለው ድራማችሁ የምግብ ቤት ባለቤት የሆነችውን ቡዜን ነው። ቡዜን አሥራ አንድ ዓመት በድምፅ የተጫወተችው ፍሬሕይወት ባለቤቴ ነበረች። ኅዳር ሃያ ቀን በሳንባ ሕመም ዐርፋ እዚሁ አዳማ ቀብረናታል። እርስዎም የአበባ ጉንጉን ይዘው በቀብሩ ላይ ስለተገኙ፣ ይህን ለማስረዳት ምስክር መቁጠር አያስፈልገኝም።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት፣ ተወዳጅ ሰው ከድራማው ሲለይባችሁ ክፍተቱን ለመሙላት እስከ ዛሬ ላሳያችሁት ብልሃት ምስጋናዬን በዝርዝር ላቅርብ።

1ኛ. ዘበኛውን ይጫወቱ የነበሩት አዛውንት ዱከም ሄደው የእውነት የፋብሪካ ዘበኛ ሆነው ሲቀጠሩ፣ ዘበኛውን ለአንድ ሳምንት ጉንፋን አስያዛችኋቸውና በሠላሳ ዓመት ወጣት በሆነ ድምፅ አዳናችኋቸው። ከድራማው ነዋሪዎች አንድ ሰው እንኳ «ምን ነካዎት» አላላቸውም። እኛ አድማጮችም ጠበሉ ተስማምቷቸው ይሆናል ብለን አለፍን።

2ኛ. የቡዜን ልጅ ኤቢሴን የምትጫወተው ወጣት አግብታ አገር ስትለቅ፣ ኤቢሴን ኩየራ ኮሌጅ አስገባችኋት። ይኸው ሰባተኛ ዓመቷን ይዛለች። በዚህ ጊዜ ሐኪም ሆና እኛኑ ማከም በቻለች ነበር፣ እሷ ግን አሁንም ፈተና ላይ ናት። እናቷ ቡዜም ስሟን ካነሳች አራት ዓመት አለፋት።

3ኛ. ሾፌሩ ሚኪያስ ላንጋኖ ሊዝናና ሲሄድ፣ ዝዋይ ላይ ዓሣ ልግዛ ብሎ ከሚኒባስ ወረደ። እስከ ዛሬ እየገዛ ነው። ሚስቱ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ አገባች፣ እኛም እልል ብለን ዳርናት።

በእነዚህ ሁሉ ስቀናል፤ ፍሬሕይወትም አብራን ትስቅ ነበር። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ስታለማምዱን የኖራችሁት አንድ ነገር ነው። ሰው ሲጠፋ አለመጠየቅን አስተምራችሁናል፣ እኛም ጎበዝ ተማሪዎች ሆነን ተገኝተናል።

4ኛ. ለቡዜ ግን ጉንፋኑም ኩየራም ላንጋኖም እንደማይበቃ ገባችሁ። ፍሬሕይወትን በቀበርን በአሥረኛው ቀን፣ ጃንጥላዬ ሥር ተቀምጬ የአንዲት ባለጉዳይ ማመልከቻ ስጽፍ፣ ከጎረቤት ሱቅ ሬዲዮ ላይ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ሚስቴ ደንበኛ ስትሳደብ ሰማሁ። ተነሥቼ ሄጄ ሬዲዮኑን አየሁት። ምን አገኛለሁ ብዬ እንዳየሁት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቀድሞ የተቀረጸ ይሆናል ብዬ ራሴን ሳጽናና፣ ቡዜ ማዘጋጃ ቤቱ በዚያው ሳምንት በከተማው መንገድ ላይ ስላስቆፈረው ቦይ ማማረር ጀመረች። ያ ቦይ ሲቆፈር ፍሬሕይወት መቃብር ውስጥ ነበረች።

ቢሮዎ ስመጣ በክብር ተቀብለው፣ ሻይ አስመጥተው፣ ኮምፒውተር የአሥራ አንድ ዓመት ቅጂዋን አጥንቶ ድምጿን አስመስሎ መናገር እንደቻለ፣ በፈረመችው ውል መሠረትም ድምፁ የጣቢያው እንደሆነ አስረዱኝ። ቡዜ የሕዝብ ስለሆነች የተዋናይቷ ዕረፍት በአየር ላይ እንደማይነገር ገለጹልኝ። ለእኔም መጽናኛ እንደሚሆነኝ ተናገሩ። ለዚህ መጽናኛ ምስጋናዬ የላቀ ነው፣ ሱቁ አጠገብ እንዳልደርስ የሥራ ቦታዬን ወደ ሌላኛው አጥር አዛውሬአለሁ።

5ኛ. ቅሬታዬ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ፍሬሕይወት በመጨረሻው ዓመት ስትቀረጽ ያስላት ነበር፣ ባለሙያዎቻችሁም ሳሉን እየቆረጡ ያወጡላት ነበር። ለኮምፒውተሩ ግን ያልተቆረጠውን ሰጣችሁት። ስለዚህ ቡዜ አሁን ታስላለች። ሁለት ጊዜ፣ አጭርና ደረቅ፣ ከዚያ በኋላ ትንፋሽ ፍለጋ ዝም። እኔ ከዚያ ሳል አጠገብ አሥራ አራት ወር ተኝቻለሁ። ኮምፒውተራችሁ የአሥራ አንድ ዓመት ሳቅ ተቀምጦለት ሳለ ይህን ሳል አለመርሳቱ ያስደንቀኛል። ደራሲዎቻችሁም ሳይወዱት አልቀሩም፣ ቡዜ በተናደደች ቁጥር ያስሏታል።

ታማ ሳለች ፍሬሕይወት ከእናቷ የደበቀችው ይህንኑ ሳል ነበር። በስልክ ስታወራቸው ሳሉ ሲመጣባት ስልኩን ለእኔ ታቀብልና፣ እስኪያልፍላት ድረስ ስለ ኑሮ ውድነት አወራቸው ነበር። የደበቀችውን ከሞተች በኋላ እናንተ ገለጣችሁባት።

6ኛ. እናቷ እማማ ሸዋወርቅ መቂ ከትንሿ ልጃቸው ከማርቲ ጋር ይኖራሉ። ዓይናቸው ጥላ እንጂ ሰው አይለይም፣ ስኳርም ልብም ያማቸዋል። ልጃቸው ስታርፍ እሳቸው ሆስፒታል ተኝተው ስለነበር፣ ሐኪሙም ድንጋጤ እንደማይችሉ ስለነገረን፣ መርዶውን እስኪጠነክሩ አቆየነው። ፍሬሕይወት ስልክ ወደማይሠራበት አገር ለሥልጠና ሄዳለች አልናቸው። እሳቸውም ድምጿን በሬዲዮ እየሰሙ ምን እንደሚያስጨንቃቸው መልሰው ጠየቁን። ያን ጊዜ ደግ ነገር መስሎን ዝም አልን፣ ይህ የእኔ ጥፋት ነው፣ ከእናንተ ጋር አላካፍለውም።

በጥር ወር እንደ ወጉ ማለዳ፣ የነፍስ አባታቸው፣ ጎረቤታቸው ሐጂ ኡበይደላና እኔ ሆነን ሄድን። ቄሱ አለሳልሰው ተናገሩ። እማማ ሸዋወርቅ አላለቀሱም። ነጠላቸውን ሰብስበው፣ «ትናንት ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ሰምቻታለሁ። ልጄ እያሳላት ነው እንጂ አልሞተችም። ባሏ ታማለች ብሎ መንገር አፍሮ ነው እናንተን ይዞ የመጣው?» ብለው፣ ሦስታችንንም ከቤታቸው አስወጡን። ሐጂ ኡበይደላ በመቃብሯ ላይ በገዛ እጃቸው አፈር ያለበሱ ሰው ናቸው። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ ደወሉልኝ። ድራማውን ሰምተው ነበር። «ጫምሳ ልጄ፣ እኛ በእርግጥ ማንን ነው የቀበርነው?» አሉኝ። ምን ብዬ እንደምመልስላቸው ጣቢያው ቢመክረኝ ደስ ይለኛል።

7ኛ. ከዚያ ቀን ጀምሮ እማማ ሸዋወርቅ ልጃቸው እንደታመመች፣ እኔ ደግሞ ሕመሟን የምደብቅ ጨካኝ እንደሆንኩ ያምናሉ። እሷ እስክትድን ድረስ እህል ላለመቅመስ ተሳሉ። መጀመሪያ በየቀኑ እስከ ስድስት ሰዓት ነበር። ሳሉን ሲሰሙ እስከ ዘጠኝ አደረሱት፣ አሁን አሥራ አንድ ደርሷል፤ መድኃኒታቸውንም በባዶ ሆድ አይሆንም ብለው ትተውታል። የነፍስ አባታቸው በሕመማቸው ምክንያት ከዐቢይ ጾም እንኳ ፈትተዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ይህ የጾሙ አይደለም፣ የልጄ ነው ይላሉ። ማርቲ ሬዲዮኑን አንድ ቀን ብትደብቅ፣ ሞታ ነው የደበቃችሁኝ ብለው ሳይሆን ብሶባት ነው ብለው ሙሉ ቀን ውኃ ሳይቀምሱ ዋሉ። ባለፈው ሳምንት ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ሐኪሙ በዚህ ከቀጠሉ ፋሲካን እንደማያዩ ለማርቲ ነግሯታል።

ክቡር ሆይ፣ ነገሩን እንደ ባለሙያ ባጭሩ ላስቀምጠው። ቡዜ በየቀኑ ባሳለች ቁጥር መቂ ውስጥ አንዲት እናት አንድ እርምጃ ወደ ሞት ትቀርባለች፣ እናንተም በየቀኑ ታስሏታላችሁ። ይህን አውቃችሁ አላደረጋችሁትም። ከዛሬ ወዲያ ግን ታውቃላችሁ።

ስለዚህ ልመናዬ የሚከተለው ነው። ቡዜ ትሙት። ኮሌጅ አትግባ፣ ዓሣ አትግዛ፣ ባል ተከትላ አትሂድ። በቀን፣ በስድስት ሰዓት ተኩል፣ ሕመሟ በስሙ ተጠርቶ ትሙት። ድንኳን ይተከልላት፣ እድርተኛው ይውጣ፣ ይለቀስላት። ከልቅሶው በኋላ ተራኪያችሁ የተዋናይቷን የፍሬሕይወትን ስም ከነአባቷ ጠርቶ፣ ኅዳር ሃያ ቀን ማረፏን ይናገር፤ ድምጿም ከዚያ በኋላ ይረፍ። እማማ ሸዋወርቅ ቄሱንም፣ ሐጂውንም፣ እኔንም አላመኑም። ሬዲዮናችሁን ያምናሉ። ክስ መመሥረት አያቅተኝም፣ ሙያዬ ነው፤ ቀጠሮው ግን እሳቸው ከቀራቸው ዕድሜ ይረዝማል።

የወደዳችሁትን ሰው በክብር መቅበር ከምትችሉት በላይ ሆኖ ካገኛችሁት፣ ቢያንስ እኛ የቀበርናትን ቆፍራችሁ እንዳታወጡብን በታላቅ አክብሮት አሳስባለሁ። የጣቢያችሁ ስርጭት ከአዋሽ እስከ ሻሸመኔ ጥርት ብሎ እንዲሰማ፣ እርስዎንም እግዚአብሔር በስተእርጅና ድምፅዎን የሚያውቅ ሰው እንዳያሳጣዎ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

የፍሬሕይወት ባል፣ ለቡዜ ግን ምኗ እንደሆንኩ ያልተነገረኝ፣
ጫምሳ ጉተማ
አዳማ፣ መጋቢት ወር

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ለአንባቢ ከማውጣቴ በፊት ግልባጩን ለቢሮዎ አስገብቼ ነበር። ከትናንት ወዲያ የድራማ ክፍል ኃላፊዋ ወይዘሮ ሑስና በመልካም ትሕትና ደወሉልኝ። ቡዜን መግደል እንደማይቻል፣ ነገር ግን ጣቢያው ከሐዘናችን ጎን ስለሚቆም፣ መርዶውን ለእማማ ሸዋወርቅ ራሷ ፍሬሕይወት እንድትነግራቸው ማድረግ እንደሚቻል ነገሩኝ። ሁለት ደቂቃ የማይሞላ፣ «እማዬ» ብሎ የሚጀምር፣ ሳል የሌለበት ድምፅ ተዘጋጅቶ በስልኬ ይላክልኛል። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቃል ጠፍቶብኝ አያውቅም፤ እምቢ የሚለውን ግን ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁት። ዛሬ ጠዋት ማርቲ ደውላ እናቷ ሦስተኛ ጊዜ መውደቃቸውን ነገረችኝ፣ እኔም ለወይዘሮ ሑስና እሺ አልኩ። ይህን እሺ እንድል ያደረጋችሁኝን እግዚአብሔር ይቅር ይበላችሁ፣ እኔ ገና አልቻልኩም። እንግዲህ እንደሚያውቁት መርዶ ነጋሪ ተናግሮ አይሄድም፣ ቁጭ ብሎ አብሮ ያለቅሳል። እሑድ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መቂ እንጠብቅዎታለን። የእርስዎን መቀመጫ ከእማማ ሸዋወርቅ አጠገብ አድርገነዋል፤ ድምፁ ተናግሮ ሲያበቃ እሳቸው በጨለማቸው ውስጥ እጃቸውን ዘርግተው ልጃቸውን መፈለጋቸው አይቀርም፣ የሚያገኙትም የእርስዎን እጅ ነው።