በሠልስቱ ያሰርኩሽን ፈትቼሻለሁ

ይድረስ ለልጄ ለሳያት ባምላኩ፣ አርባ ምንጭ።

ልጄ ሳያት፣ እንደምን ከርመሻል? ሰውነትሽስ እንዴት ነው? እህል ይወርድልሻል? እግርሽ ያብጣል ወይ? የዚያ አገር ሙቀት ለነፍሰ ጡር ሴት አይመችም ይላሉ፣ ውሃ ጠጪ። ባልሽ ቃለጽድቅ ደህና ነው? ተማሪዎቹስ አላስቸገሩትም? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ይህ የኮልፌ ዳገት እስካለ አይድንም፣ ተቻችለን ተቀምጠናል። ዝናቡ አባርቶ ብርዱ ገብቷል። ለሁሉም ፈጣሪ ይመስገን።

ይህን የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። ጎረቤታችን መኳንንት ልጻፍልህ ቢለኝ እምቢ አልኩት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የለቀምኳት ፊደል ለዕድር መዝገብ መፈረሚያ ብቻ አይደለችም። ስልክ ላይ እንዳልነግርሽ እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ ነገሩ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል። ወንድምሽ ሰይፈሥላሴ ሙዝ ሊጭን ወደዚያ ስለሚወርድ በእጁ ያደርስልሻል። ለቃለጽድቅም አንብቢለት።

ሰይፈሥላሴ ባለፈው ከዚያ ሲመለስ አምስት ወር እንደሞላሽ፣ እስከ ዛሬም ጤና ጣቢያ ሄደሽ እንዳልታየሽ ነገረኝ። ለምን ቢልሽ «አባዬ በእማዬ አጥንት ገዝቶኛል» አልሽው። ቃለጽድቅም «የአማቴን ቃል እኔ ምን ቤት ነኝና እሽራለሁ» አለ አሉ። ልጄ፣ ያን ቀን የቀረበልኝን ሳልቀምስ አስነሳሁት።

ያልኩትን አልረሳሁም። የዛሬ ሦስት ዓመት በእናትሽ ሠልስት፣ ድንኳኑ ሙሉ ሰው ተቀምጦ፣ ተነስቼ «ከእንግዲህ ከልጆቼ ማንም ሳይታመም ሐኪም ደጃፍ ቢቆም የእናቱ አጥንት ይውጋው» አልኩ። እናትሽ ሆስፒታል በእግሯ ገብታ በቃሬዛ ስለወጣችብኝ ነበር። አንቺ እግሬ ሥር ሆነሽ ታለቅሺ ነበር።

አሁን ከዚያ ወዲህ የሆነውን ልንገርሽ። ሐምሌ ላይ የወንድምሽ የሰይፈሥላሴ ሚስት ኤቢሴ ሆዷ ገፍቶ ቀጠሮ አለኝ ብላ ተነሳች። እኔ በር ላይ በርጩማዬን ዘርግቼ ነበርና በዚህ ቤት የተባለውን አልሰማሽም ወይ አልኳት። ጫማዋን እያጠለቀች ትስቃለች። «አባባ፣ ግዝቱ ለልጆችዎ ነው። እኔ የጉዲሳ ልጅ ነኝ፣ የእማማ አጥንት እኔን የት ያውቀኛል?» አለችኝ። ወንድምሽ መንገድ ላይ ነበር፣ ዝናቡም መንገዱን አጭቅይቶታል። ብትወድቅ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ጃንጥላ ይዤ ተከተልኳት።

የጤና ጣቢያው አግዳሚ ላይ ከሴት በቀር ሰው የለም። አንዷ ነገረኛ «አባባ፣ እርስዎስ ስንተኛ ወርዎ ነው?» አለችኝ። የእኔስ ቀን ደርሷል፣ ጠሪውን ነው የምጠብቀው አልኳት። ሴቱ ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ትንሽ ቀለለኝ።

ተራችን ደርሶ ስንገባ ሲስተር ቤተልሄም የምትባል ልጅ እግር ነርስ ኤቢሴን ብዙ ጠየቀቻት። እኔ መቼ ዝም እላለሁ? በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም፣ ባለቤቴ ሰባት ስትወልድ የጤና ጣቢያ ደጃፍ አልረገጠችም አልኩ። መቼም ይህን ስናገር ስንት ጊዜ ሰምተሽኛል። ነርሷ ከወረቀቷ ቀና እንኳ ሳትል «ጎበዝ እናት ነበሩ። ከሰባቱ ስንቱ አሉ አባባ?» አለች።

አራት አልኩ።

እሷ አላፌዘችም፣ አልመከረችኝም። የግፊት መለኪያውን ጨርቅ ኤቢሴ ክንድ ላይ ጠቅልላ መንፋት ጀመረች። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን ሰባት እላለሁ እንጂ አራት ብዬ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ነው የገዛ አፌን የሰማሁት።

ኤቢሴን ራሷን አላመማትም፣ አላዞራትም። ጠዋት ልብስ አጥባ ነው የመጣችው። ግፊቷ ግን ከፍ ብሎ ተገኘ። አሳርፋ ደግማ ለካቻት፣ ያው ነው። ሽንቷንም መረመሩት። ነርሷ ወደ እኔ ዞራ «ዛሬ ባትመጡ ኖሮ መታመሟን የምታውቁት ሲጥላት ነበር» አለችኝ። መድኃኒት ሰጥተው በየሳምንቱ ሲያዩዋት ከረሙ፣ በኋላም ትልቅ ሆስፒታል ላኳት። ጥቅምት ላይ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች፣ ስሟንም ዱሬቲ ብለናታል። አሁን ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተኝታለች።

ልጄ፣ እኔ አጠና ተራ ሠላሳ ዓመት እንጨት የሸጥኩ ሰው ነኝ። አንዱን አጠና በመጥረቢያ ጀርባ ሳላንኳኳ ለሰው ሰጥቼ አላውቅም። ከውጭ ያማረው ውስጡን ምስጥ በልቶት ይገኛል። ቤቱ ከቆመ በኋላ ቢታወቅ ምን ይረባል? ለእንጨት ያደረግሁትን ለልጄ ከለከልኩ።

ሌላም አለ፣ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። እናትሽ ሆስፒታል የገባች ዕለት ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ «አባባ፣ ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧት፣ በሽታው ከርሟል» ብሎኝ ነበር። ጎኔን ያመኛል ስትል ዓመት ሙሉ «ይለቅሻል፣ ንፋስ ነው» ያልኳት እኔ ነኝ። ሸክሙ ሲከብደኝ በሠልስቷ አንስቼ እናንተ ላይ ጫንኩት።

ሐምሌ ላይ ልቤ ተመልሶ ነበር፣ አፌ ነው እምቢ ያለው። ያንቺን ስሰማ ግን የንስሐ አባታችን ዘንድ ሄድኩ። «ያሰረ ይፍታ። በሰው ፊት ያሰርከውን በሰው ፊት ፍታ» አሉኝ። ባለፈው እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ ባርኔጣዬን አውልቄ ቆምኩና ፈትቻለሁ አልኩ። መኳንንት መቼ ይለቀኛል! «ባምላኩም ቃሉን አጠፈ? እንግዲህ ምጽአት ደርሷል» አለ። አላጠፍኩም፣ ጠሞ ነበር አቃናሁት አልኩት።

ስለዚህ ይህ ወረቀት በደረሰሽ ማግስት ሂጂ፣ ቃለጽድቅም አብሮሽ ይሂድ። ዘግይተሻል ቢሉሽ አትፈሪ። ሲስተር ቤተልሄምን ጠይቄያታለሁ፣ «ዘግይታም ቢሆን ነገ ዛሬ ሳትል ትምጣ» ብላለች። ደምሽን፣ ግፊትሽን፣ ሽንትሽን ይዩት። የደም ማነስ ኪኒን ይሰጡሻል፣ ዋጪው። ልጁን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያጠናል የሚሉሽን አትስሚ፣ እኔም እል ነበር። ቀጠሮ ሲሰጡሽ እንደ ንግሥ ቀን አክብሪው፣ ምንም ሳያምሽም ሂጂ። ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከተጋረደ፣ ደም ካየሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። ስትወልጂም እዚያው በእጃቸው ውለጂ።

እናትሽ ስንት እንደወለደች ቢጠይቁሽ ሰባት በያቸው። ስንቱ አሉ ቢሉሽ አራት በይ። ሦስቱን አትደብቂያቸው፣ እኔ ደብቄያቸው ኖሬአለሁ። ሁለቱ ስም ነበራቸው፣ ስትመጪ እነግርሻለሁ። አንዱ ለጥምቀት ሳይደርስ ነው የሄደው።

ቃለጽድቅን ሰላም በይልኝ፣ ቃሌን ማክበሩን ወድጄለታለሁ፣ ይህንንም ያክብርልኝ። እናቱን እሜቴ ፅዮንን ጉልበት ስመሽ ሰላም በይልኝ። ኤቢሴ ሰላም ብላሻለች፣ የዱሬቲን ጠባብ ልብሶች አጥባ ለአንቺው አስቀምጣለች። መኳንንትም ሰላም ብሎሻል፣ ደብዳቤውን ሳላሳየው በመቅረቴ አኩርፏል።

እኔ ባምላኩ በእናትሽ አጥንት ያሰርኩሽን ዕድርተኛው እየሰማ ፈትቼሻለሁ። አጥንቷ አይወጋሽም፣ ይጠብቅሽ እንጂ።

አባትሽ ባምላኩ
አዲስ አበባ፣ ኮልፌ ቀራንዮ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.