ከግድቡ ውኃ ሥር ስለቀረው ባለቤቴ

ይድረስ ለክቡር የቀጨሞ ወንዝ የውኃ ኃይል ማመንጫ ሥራ አስኪያጅ፤

ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ እንደምን ሰነበቱልኝ? እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነኝ።

ከሁሉ አስቀድሜ ስለ መብራቱ አመሰግናለሁ። ኢንጂነር ናትናኤል የሚባል ጨዋ ልጅ ልከውልን፣ ውኃው ከግድቡ በቧንቧ ቁልቁል ወርዶ መዘውር እንደሚገፋ፣ መዘውሩም ማግኔቱን በመዳብ ሽቦ መካከል ሲያሽከረክር መብራት እንደሚወለድ አስረድቶናል። ውኃው እንደ ማገዶ አይነድም፣ እንደገባ ይወጣል ብሎናል። ይኼ ገብቶኛል። ያልገባኝን በቁጥር አቀርባለሁ፤ መሥሪያ ቤትዎ ቁጥር ይወዳልና።

፩. ውኃው ሳይሞላ የቤተ ክርስቲያናችንን መቃብር ስታፈልሱ፣ አፅሙን በሳጥን አድርጋችሁ ቁጥሩን በጠመኔ ጻፋችሁበት። በሐምሌ። በደብረ ታቦር አገር ሐምሌ ላይ ዝናብ እንዳለ የሚነግራችሁ ሰው በመጥፋቱ አዝናለሁ።

፪. ቁጥሩ ሲታጠብ በግምት ስላደላችሁን ምስጋናዬ ይድረስ። የእኔን፣ አሥራ ሰባት ሳይሆን አይቀርም ብላችሁ ሰጣችሁኝ። እንደ ደንባችን በአዲስ አቡጀዲ ልጠቀልለው ብከፍተው፣ ሁለቱም ቅልጥሞች ቀጥ ያሉ ናቸው። ባለቤቴ ይሻው ግን ከበቅሎ ወድቆ፣ ወጌሻ ግራ ቅልጥሙን አጣሞ የጠገነው ሰው ነበር። ባመለክት ጸሐፊዎ አፅም ሁሉ አንድ ነው፣ ደግሞም ፈርመው ወስደዋል ብላ አጽናናችኝ።

፫. የሌሎቹንም ሳጥን ሁሉ ብናይ ጠማማ ቅልጥም አላገኘንም፤ እንግዲህ ይሻው ከሥር ቀርቷል። ውኃው እሱ ላይ ተኝቶ ነው ወደ ቧንቧዎ የሚወርደው። አምፖሉ ብልጭ ድርግም ሲል ልጄ ቅድስት ኃይል አንሶ ነው ትለኛለች፤ እኔ ግን አፌ ቀድሞኝ «አቤት» እላለሁ። በሕይወት ሳለ አንዴ ከጠራኝ አይደግምም ነበር። አሁን ይደጋግማል።

በየግንቦቱ ደለል ልትጠርጉ ውኃውን ስታጎድሉ የመቃብሩ ካብ ብቅ ይላል። ዐምና ዘበኛዎ ለደኅንነቴ አስቦ ከበር መልሶኛል፤ ይባረክ። ዘንድሮ አንዲት ቀን ብቻ፣ ከመሪጌታ ወልደሚካኤል ጋር ገብቼ ባለቤቴን እንዳወጣ ይፍቀዱልኝ።

እንቅልፍዎ እንዳይጓደል፣ ሥልጣንዎም እንደ ግድቡ እንዲረጋ የምትለምን ታዛዥዎ፣
እቴነሽ ደሳለኝ

ሳልጽፈው የቀረ፦ በሳጥን የሰጣችሁኝን ሰው በክብር ቀብሬዋለሁ። ካህናቱ ለፍትሐቱ የሟቹን ስም ቢጠይቁኝ፣ በርክክቡ ወረቀት ላይ ከእኔ ሌላ ያለው ስም የእርስዎ ብቻ ነበርና እሱን ሰጠኋቸው። ይሻው እስኪወጣ ድረስ በየዓመቱ እናስብዎታለን።